የአፓርታማ ብስክሌት ክፍል፦ ራምፑም ጣሪያውም አልበቃ አለኝ

ሰላም፣ 24 ቤት ላለው አፓርታማ የብስክሌት ክፍል ስነድፍ ሁለት ቦታ ላይ ተጣብቄያለሁ።

የክፍሉ ወለል ከውጭው መሬት 90 ሳ.ሜ ዝቅ ይላል። በ8 በመቶ ተዳፋት ራምፑ (ብስክሌት የሚገፋበት ተዳፋት መግቢያ) 11.25 ሜትር ርዝመት ይፈልጋል፤ ያለኝ 7 ሜትር ነው። በዚያ ካስገባሁት ወደ 13 በመቶ ይጠጋል። 25 ኪሎ የኤሌክትሪክ ብስክሌት ለሚገፋ ሰው፣ ያውም ወለሉ ሲረጥብ፣ ይከብዳል። ደረጃ ሠርቶ በጎኑ የብስክሌቱ ጎማ የሚሄድበት ቦይ ማውጣትም ይቻላል፤ ግን ቦዩ ግድግዳው ሥር ከተለጠፈ ፔዳሉና መሪው ግድግዳውን እየፋቁ ይወርዳሉ። ስንት ሳንቲሜትር ላርቀው? (እ.ኤ.አ. በ2010 የተጠናቀቀው የኮፐንሃገኑ መኖሪያ ሕንፃ 8 ሃውስ በብስክሌት እስከ ላይ ያስወጣል፤ እኔ አንድ ሜትር የማይሞላ ቁልቁለት አቃተኝ።)

ሁለተኛው አቀማመጡ ነው። ክፍሉ 5.2 በ6.8 ሜትር፣ ከቢሙ (ከጣሪያው ተሸካሚ አግዳሚ) ሥር ከፍታው 2.45 ሜትር ነው። የሚፈለገው 40 ብስክሌት። ባለ ሁለት ደርብ ማቆሚያ ወደ 2.7 ሜትር ግድም ከፍታ ስለሚፈልግ አይሆንም። መሪዎቹ እንዳይጋጩ አንዱን ከፍ አንዱን ዝቅ አድርጌ በየ40 ሳ.ሜው በሁለቱም ረጅም ግድግዳ ብደረድር፣ በሩን ሳልቆጥር 34 ይገባል፤ መተላለፊያው ግን 1.5 ሜትር ገደማ ብቻ ይቀራል፣ ብስክሌት ስቦ ለማዞር ይጠብባል። በ45 ዲግሪ ባጋድማቸው መተላለፊያው ይሰፋል፣ ቁጥሩ ግን ወደ 22 ይወርዳል። ግድግዳ ላይ በቁም መስቀልን ለከባዶቹ አላስበውም።

ቻርጅ ማድረጊያውን መውጫው አጠገብ አላደርግም፤ የሊቲየም ባትሪ ከተቀጣጠለ ማምለጫውን ይዘጋል። ታዲያ የት ላድርገው? ራምፑን ለማሳጠር ወለሉን ከፍ ማድረግ ደግሞ የጣሪያውን ከፍታ ይበላብኛል። ተመሳሳይ ክፍል የሠራችሁ፣ የቱን መሥዋዕት አደረጋችሁ?