ከሩቅ የመጣ የስፌት ትዕዛዝ በኢንተርኔት እንዴት ይወሰዳል?

ልብስ ሰፊ፣ ሐረር፦
ሰላም ለእናንተ ይሁን። የምሠራው ጀጎል ውስጥ፣ ስሙን ከስፌት መኪናዎቹ ድምፅ ባገኘው በመኪና ግርግር ነው። እስከ ዘንድሮ ድረስ ደንበኞቼ ጨርቃቸውን ይዘው በሬ ላይ ቆመው የሚለኩ ሰዎች ነበሩ፤ አንዲት ደንበኛዬ የሰፋሁላትን ቀሚስ ፎቶ በቴሌግራም ለዘመዶቿ ካሠራጨች ወዲህ ግን ከድሬዳዋና ከአዲስ አበባ አልፎ ከቶሮንቶ ሳይቀር የሚጠይቀኝ ሰው መጥቷል። ችግሩ ባለፈው ወር ልኳን በመልእክት የላከችልኝ የድሬዳዋ ደንበኛ ቀሚሱ ደረቷ ላይ ስለጠበባት መልሳዋለች፤ ጨርቁም ድካሙም የእኔ ኪሳራ ሆኖ ቀረ። ባለቤቱን ሳላይ ልክ የምወስደው እንዴት ነው? ክፍያውንስ በምን መንገድ ብቀበል ይሻላል?

የልብስ ነጋዴ፣ ድሬዳዋ ከዚራ፦
ወንድሜ፣ ከሩቅ ለሚያዝዝዎት ሰው የሰውነቱን ሳይሆን የልብሱን ልክ ይጠይቁ። ራሱን የሚለካ ሰው ሜትሩን አንዴ ያጠብቃል፣ አንዴ ይለቃል፤ በደንብ የሚመቻትን ቀሚስ ጠረጴዛ ላይ ዘርግታ፣ ሜትሩን በላዩ አስቀምጣ ፎቶ የምትልክ ደንበኛ ግን ቁጥሩን በዓይንዎ ታሳይዎታለች። ከብብት እስከ ብብት 48 ሴንቲሜትር ከሆነ ዙሩ 96 ነው፤ ይህ የልብሱ ልክ ስለሆነ የመላወሻው ትርፍ በውስጡ አለ፣ እርስዎ የሚጨምሩት የስፌት መግቢያውን ብቻ ነው። የሚለጠጥ ጨርቅ እንዳትለካ ደግሞ አስቀድመው ይንገሯት፤ እኔን ሁለት ጊዜ ያከሰረኝ እሱ ነው። ለድሬዳዋ ሰውማ ይህ ሁሉ አያስፈልግም፤ መንገዱ 55 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሆነ ልብሱን ራሱን በሚኒባስ ትላክልዎ።

የጥልፍ ባለሙያ፣ ድሬዳዋ ሳቢያን፦
ስለ ክፍያው የምለው አለኝ። ጨርቅ ከመቁረጥዎ በፊት ቢያንስ የጨርቁን ዋጋ በቀብድ ይቀበሉ። ቴሌብር ከግንቦት 2013 ዓ.ም. ጀምሮ ስላለ ለአገር ውስጥ ደንበኛ አስቸጋሪ አይደለም፤ ሆኖም የክፍያ ማረጋገጫ ፎቶ ስለተላከልዎ ብቻ መቀሱን አያንሡ፤ ፎቶ ይቀናበራል፣ አጭር መልእክትም ይመሳሰላል። *127# ደውለው የራስዎን ሒሳብ ይዩ። የጨርቅ ቀለም ደግሞ በመብራት ስለሚለወጥ ፎቶውን ጠዋት ጥላ ባለበት ደጅ አንሥተው በቴሌግራም በፋይል መልክ ይላኩት፤ እንዲሁ ሲላክ ጥራቱ ይቀንሳል። ዋጋዎንና የመረከቢያውን ቀን ከቻናሉ አናት ላይ ካሰፈሩት በየቀኑ አንድ ጥያቄ ሃያ ጊዜ ከመመለስ ያርፋሉ።

ጡረተኛ ልብስ ሰፊ፣ ሐረር፦
ልጄ፣ የቶሮንቶውን ለጊዜው አቆየው። ከዚያ የሚመለስ ልብስ አይታረምም፤ የሚያደርሰውም ለመንገድ የተነሣ ሰው ሲገኝ ነው። ይልቅ ደንበኛዋ ለእረፍት ስትመጣ ለክተህ፣ ልኳን በስሟ በስልክህ መዝግበህ ያዝ፤ ከዚያ ወዲያ በመልእክት ብታዝዝህ አትሳሳትም። በእኛ ጊዜ ደብተር ነበር፤ የእኔ ደብተር ሲጠፋ የሃያ ዓመት ልክ አብሮ ስለጠፋ፣ ቅጂውን ሌላ ቦታ ማስቀመጥ እንዳትረሳ።

ልብስ ሰፊ፣ ሐረር፦
እግዜር ይስጥልኝ። የድሬዳዋዋን ደንበኛ መልእክት መልሼ ሳነብ «ደረቴ 92» ይላል፤ የሰውነቷን ነበር የጻፈችው። እኔ የልብስ ልክ መስሎኝ በ92 ቆርጬዋለሁ። ዛሬ ደውዬላታለሁ፤ የሚመቻትን ቀሚስ ነገ በሚኒባስ ትልክልኛለች።