ቀለብ በዳኛ ወይስ በመቶኛ?

አወያይ፦ ዛሬ ተለያይተው የሚኖሩ ወላጆች የሚከፍሉትን የልጅ ቀለብ የሚወስነው ዳኛው ነው፤ የልጁን ፍላጎትና የከፋዩን አቅም አይቶ። ሕጉ ተሻሽሎ እንደ እንግሊዝ በመቶኛ ይሁን የሚሉ አሉ። እዚያ መደበኛው ስሌት ለአንድ ልጅ ከገቢው 12፣ ለሁለት 16፣ ለሦስት 19 በመቶ ነው። ለጅማ ይሠራል?

የሂርማታዋ እናት፦ ይሁን! የልጆቼ ቀለብ የተቆረጠው ብር በሐምሌ 2016 ከመዳከሙ በፊት ነው። ያኔ ከጤፉ ተርፎ ለደብተር ይሆን ነበር። ልጆቹ አደጉ፣ ብሩ ግን እዚያው ነው።

ቡና ነጋዴው፦ እህቴ፣ የትኛው ገቢ መቶኛ? ደመወዝተኛ ፔሮል አለው። የኔ ገንዘብ በለቀማ ጊዜ ይገባል፣ ክረምቱን በብድር ነው የማልፈው። ደግሞስ ልጄን ሳላይ ለምን እከፍላለሁ?

ጠበቃው፦ ወንድሜ፣ ሁለቱን አታገናኝ። ቀለቡ የልጁ መብት ነው፤ ልጅህን መጎብኘት ከተከለከልክ ለብቻው አመልክት። ያለ በቂ ምክንያት ቀለብ መከልከል በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 658 ያስቀጣል። እህቴ፣ አንቺም ሁኔታው ሲለወጥ ፍርድ ቤቱ መጠኑን እንዲያሻሽል መጠየቅ ትችያለሽ። እኛ የምንዳኘው በኦሮሚያ የቤተሰብ ሕግ፣ በአዋጅ 69/1995 ነው።

የሂርማታዋ እናት፦ መቻሉንማ እችላለሁ። ማመልከቻ ማጻፊያውስ? ከሥራ የምቀርበትስ? ሰውየው ሰፈር ቀይሮ መጥሪያ የሚያደርሰው ጠፍቷል። ቀለቡ በየዓመቱ በራሱ ይጨምር፤ አልችልም የሚል እሱ ፍርድ ቤት ይምጣ!

የጅሬኑ መምህር፦ ይህ ልክ ነው። ሸክሙ ልጅ በያዘው ላይ መውደቅ የለበትም። መቶኛው ግን ደረሰኝ በማይቆረጥበት ገበያ ገቢውን የሚደብቀውን ይጠቅማል፤ ዝቅተኛ ወለል ይቀመጥ። ደመወዝተኛውን በተመለከተ በአዋጅ 1156/2011 ከሠራተኛ ደሞዝ የሚቆረጠው ሁሉ ተደምሮ ከሲሶ አይበልጥም፤ ሌላ ዕዳ ካለበት ቀለቡ ይቅደም ተብሎ ይጻፍ።

ሐጂ፦ ተስማምተው ቃዲ ዘንድ የሚሄዱም አሉ፤ ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 34 ፈቅዶታል። ነፈቃም፣ በሸሪዓ የሚሰጠው ቀለብ፣ እንደ አባት አቅም ነው። ወለል ስታወጡ እነሱንም አትርሱ።

ቡና ነጋዴው፦ በየዓመቱ መጨመሩን አልቃወምም። በለቀማ ጊዜ ግን የስድስት ወሩን ባንድ ጊዜ እንድከፍል ይፈቀድልኝ።

የሂርማታዋ እናት፦ በባንክ እስከገባ ድረስ እስማማለሁ። በእጅ ተሰጠ፣ አልተሰጠም የሚለው ጭቅጭቅ ሰልችቶኛል።