በሸዋ ሮቢት የተሳካልኝ የጃፓን ኮቶሌት ሳንድዊች ደብረ ብርሃን ላይ ለምን አረረብኝ?

ጥያቄ፦ ከጠባሴ፣ ደብረ ብርሃን

ጤና ይስጥልኝ። ጃፓኖች «ካትሱ ሳንዶ» የሚሉትን፣ በዳቦ ፍርፋሪ ተለውሶ የተጠበሰ ሥጋ በሁለት ለስላሳ ነጭ ዳቦ መካከል የሚቀርብበትን ሳንድዊች ለልጆቼ መሥራት ከጀመርኩ ሁለት ወር ሆኖኛል። የእነሱ ከአሳማ ሥጋ የሚሠራ ነው፤ እኛ ቤት የአሳማ ሥጋ ስለማይበላ እኔ የዶሮ ደረት እጠቀማለሁ። ሸዋ ሮቢት እኅቴ ቤት ሄጄ፣ ዘይቱን በቴርሞሜትር እየተከታተልኩ 170 ዲግሪ ላይ ስጠብሰው፣ ውጩ ወርቃማ፣ ውስጡም በሚገባ የበሰለ ሆኖ ወጣልኝ። በዚያው ቴርሞሜትርና በዚያው አሠራር ቤቴ ስደግመው ግን፣ ሦስት ደቂቃ ሳይሞላ ሽፋኑ ወደ ማረር ሄደ፤ በቢላ ስከፍለው መካከሉ ገና ጥሬ ነበር። ፍርፋሪውን የማዘጋጀው የደረቀ ፉርኖ ዳቦ ወቅጬ ነው። ምክንያቱን የሚያስረዳኝ ቢኖር በትሕትና እጠይቃለሁ።

መልስ፦ ከደብረ ብርሃን

እኅቴ፣ ልዩነቱን ያመጣው የቦታው ከፍታ ነው። ሸዋ ሮቢት ከባሕር ወለል በላይ 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ስትሆን ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች፤ ስለዚህ ውኃ እዚያ 96 ዲግሪ አካባቢ የሚፈላው እኛ ዘንድ 91 ሳይደርስ ይፈላል። በፍርፋሪው ውስጥ ያለው እርጥበት እየተነነ እስካለ ድረስ ሽፋኑን ስለሚያቀዘቅዘው ቀለሙ ቶሎ አይቀየርም፤ በደጋ ግን ይህ እርጥበት በዝቅተኛ ሙቀት ፈጥኖ ስለሚያልቅ፣ ሙቀቱ የሥጋው መካከል ከመድረሱ በፊት ሽፋኑ ደርቆ መጥቆር ይጀምራል። ከባሕር ወለል ጀምሮ በየ300 ሜትሩ ከፍታ የዘይቱን ሙቀት ከአንድ ዲግሪ ተኩል በላይ መቀነስ ስለሚመከር፣ ለእኛ ከተማ 155 ዲግሪ አካባቢ ይሆናል ማለት ነው።

የዶሮውን ደረት በጎኑ ሰንጥቀው ውፍረቱን ከ1.5 ሳንቲ ሜትር አያሳልፉት። ወጥ ቤታችን ብርዳም ስለሆነ ከማቀዝቀዣ ካወጡት በኋላ ግማሽ ሰዓት ያህል ይቆይ። ስድስት ወይም ሰባት ደቂቃ ሊፈጅብዎት ይችላል፤ ቴርሞሜትሩ ስላለዎት የሥጋው መካከል 74 ዲግሪ መድረሱን ያረጋግጡ፤ ዶሮ ላይ ይህን በግምት ማለፍ ተገቢ አይደለም።

መልስ፦ ከደብረ ሲና

የምሠራው ዳቦ ቤት በመሆኑ ስለ ፍርፋሪው ልጨምር። ጃፓኖች የሚጠቀሙበት «ፓንኮ» ብዙ ጊዜ ቅርፊት ከሌለው ነጭ ዳቦ የሚዘጋጅ ሲሆን፣ አንዳንድ ፋብሪካዎች ሊጡን በእሳት በመጋገር ፋንታ የኤሌክትሪክ ኃይል በውስጡ በማሳለፍ ስለሚያበስሉት ዳቦው ከመነሻው ቅርፊት አያወጣም። ፉርኖ ዳቦ ከነቅርፊቱ ሲወቀጥ ግን፣ አስቀድሞ በምድጃ የጠቆረው ክፍል ዘይት ውስጥ እንደገና ይጠቁራል፤ የደቀቀው ዱቄትም ሥጋው ላይ ተለጥፎ ጠጣር ሽፋን ይሆናል። የአንድ ቀን ነጭ ዳቦ ቅርፊቱን ቆርጠው ያንሡና መካከሉን በካሮት መፈቅፈቂያ በሰፊው ቀዳዳ ይፈቅፍቁት፤ ትሪ ላይ አስጥተው ለአንድ ሰዓት ያህል ያናፍሱት። በመዳፍዎ ሲይዙት ቀላልና እንደ ላባ የሚበተን መሆን አለበት። ስኳር ያለበትን ዳቦ አይጠቀሙ፤ ቶሎ ያራል። ሥጋውን ዱቄት፣ እንቁላል፣ ከዚያም ፍርፋሪ ካስነኩት በኋላ አሥር ደቂቃ ቢያሳርፉት ሽፋኑ አይላቀቅም።

መልስ፦ ከመሐል ሜዳ

ጥብሱ ቢሳካም አገጣጠሙ ሊያበላሸው ይችላል። ይህ ሳንድዊች እ.ኤ.አ. በ1935 በቶኪዮ ዩኤኖ ሰፈር «ኢሰን» በተባለ የካትሱ ቤት እንደተጀመረ ይነገራል፤ የአካባቢው ጌይሻዎች የከንፈር ቀለማቸው ሳይበላሽ እንዲጎርሱት ታስቦ የተሠራ በመሆኑ ዳቦው ለስላሳ፣ ቁራሹም ትንሽ ነው። ስለዚህ ዳቦውን አይጥበሱት። ሶሱ እንዳያረጥበው ሁለቱንም ዳቦ የገበታ ቅቤ ይቀቡት፤ በላዩም ጃፓኖች «ካራሺ» የሚሉትን ሰናፍጭ በስሱ ያድርጉበት፤ የእኛው ሰናፍጭ በሚገባ ይተካዋል። ሶሱን እኔ የምሠራው ፍሬው የወጣለት ተምር በጥቂት ውኃ ቀቅዬ ካደቀቅሁ በኋላ ከካቻፕ፣ ከሶያ ሶስና ከጥቂት አቼቶ ጋር በማፍላት ነው። ገጥመው ሲጨርሱ በላዩ ሳህን ጭነው አምስት ደቂቃ ያቆዩት፤ ከዚያ የዳቦውን ጠርዝ አንሥተው በተሳለ ቢላ ለሦስት ይክፈሉት።

ጠያቂዋ፦

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ትናንት ማታ በ155 ዲግሪ፣ በተፈቀፈቀው ፍርፋሪ ጠበስኩት፤ ስድስት ደቂቃ ተኩል ፈጀብኝ፤ ስቆርጠው ሥጋው ነጭ፣ የሚወጣው ውኃም ጥርት ያለ ነበር። የሰናፍጩን ትንሹ ልጄ አልፈለገውም፤ ትልቋ ግን ደግማ ጠይቃለች። ከሥጋው ጋር ያስገባሁትን ጥቅል ጎመን በስሱ ከትፌ ካጠብኩት በኋላ በደንብ ሳላደርቀው በመጨመሬ የአንዱ ሳንድዊች የታችኛው ዳቦ ረጥቧል፤ ቅዳሜ ስሠራ በንጹሕ ጨርቅ ጨምቄ እጨምረዋለሁ።