የጂፒኤሱ ፋይል፣ ካሜራውና ማስታወሻ ደብተሩ በሰዓት አልገናኝ አሉኝ

ዱካ ጠያቂ (ጅማ)

ጤና ይስጥልኝ። ጌራ ወረዳ ውስጥ በጫካ ቡና ይዞታዎች ድንበር ላይ እየዞርኩ በእጅ በሚያዝ ጂፒኤስ ትራክ (የሄድኩበትን መንገድ ከነሰዓቱ የያዘ መዝገብ) እቀዳለሁ፤ ጎን ለጎን በካሜራ ፎቶ አነሳለሁ፤ የድንበሩን ምልክትና የደረስኩበትን ሰዓት ደግሞ በማስታወሻ ደብተር እጽፋለሁ። ወደ ጅማ ተመልሼ ሦስቱን በኮምፒውተር ላይ ላገጣጥማቸው ስሞክር ግን ሰዓታቸው አይገናኝም።

ጥር 15 ቀን 2016 ዓ.ም. የተቀዳውን ለምሳሌ ላቅርብ። በደብተሬ መሠረት ጉዞው የተጀመረው ከጠዋቱ 1፡20 ላይ ነው። በዚያው ቅጽበት የጂፒኤሱ ሰሌዳ 7፡20 ይል ነበር፤ ይህ የሐበሻና የፈረንጅ አቆጣጠር ልዩነት ስለሆነ አያስገርመኝም። የጂፒኤክስ ፋይሉን (ትራኩ የተቀመጠበትን ፋይል) በተራ የጽሑፍ ፕሮግራም ከፍቼ ሳየው ግን የመጀመሪያው ነጥብ 04፡20 ይላል፤ ከሁለቱም ጋር አይስማማም።

ፎቶዎቹን በኤግዚፍቱል (ፎቶን በሰዓቱ መሠረት ከትራክ ጋር በሚያገናኝ ፕሮግራም) ከትራኩ ጋር ሳያይዛቸው ደግሞ ከምሳ በፊት የተነሡት ምንም ቦታ አልተሰጣቸውም፤ ከሰዓት በኋላ የተነሡት ቦታ ቢያገኙም የተቀመጡት ጠዋት ባለፍኩበት መንገድ ላይ ነው። ከቀኑ 9፡40 ላይ ወንዝ ዳር ያነሣሁት ፎቶ ጠዋት በወጣሁት ዳገት መካከል ሆኖ ይታያል። የካሜራው ሰዓት የተስተካከለው በእኛ አቆጣጠር ነው። አንድ ባልደረባዬ «ኢትዮጵያ ሦስት ሰዓት ትቀድማለች፣ ስለዚህ ፋይሉ ላይ ሦስት ሰዓት ደምርበት» ብሎኛል። ፋይሉን ከመንካቴ በፊት የሚያውቅ ሰው ቢያስረዳኝ ደስ ይለኛል።

ጊቤ ማዶ

ፋይሉን አይንኩት፤ ከሦስቱ ውስጥ ትክክለኛነቱ የማያጠራጥረው እሱ ነው። በጂፒኤክስ ደንብ መሠረት የእያንዳንዱ ነጥብ ሰዓት የሚጻፈው በዩቲሲ፣ ማለትም በዓለም አቀፉ የተቀናጀ ሰዓት ነው፤ ከቁጥሩ መጨረሻ ላይ የሚያዩት ዜድ የተባለው የላቲን ፊደል የሚያመለክተው ይህንኑ ነው። በመሣሪያው ላይ የሚመርጡት የሰዓት ክልል የሚለውጠው ሰሌዳው ላይ የሚታየውን ብቻ ነው። ስለዚህ ሰሌዳው 7፡20፣ ፋይሉ 04፡20 ማለታቸው ያው አንድ ቅጽበት ነው፤ የምሥራቅ አፍሪካ ሰዓት ከዩቲሲ በሦስት ሰዓት ይቀድማልና።

ነገሩን የሚያወሳስበው የእኛ አቆጣጠር የሚገኘው ከዩቲሲ በወዲያኛው በኩል መሆኑ ነው። የሰሌዳው ሰዓት ከፋይሉ በሦስት ሰዓት ይቀድማል፤ የደብተርዎ ሰዓት ግን ከፋይሉ በሦስት ሰዓት ወደ ኋላ ይቀራል። በሁለቱም በኩል ልዩነቱ ሦስት ስለሆነ ሰው ሦስትን ያይና የትኛውን ሦስት እንዳየ ሳይለይ ይደምራል። ባልደረባዎ እንዳሉት ቢያደርጉ ኖሮ ፋይሉ 07፡20 ዩቲሲ ላይ ይጀምር ነበር፤ ከደብተሩ ጋር የነበረው የሦስት ሰዓት ልዩነት ስድስት ይሆናል፤ ፋይሉም ሐሰት ይናገራል፣ ምክንያቱም ዜዱ እንዳለ ይቀራል። ከዚያ በኋላ ፋይሉን የሚቀበል ሰው ምን እንደተደረገበት የሚያውቅበት መንገድ የለውም።

አሁን ወደ ፎቶዎቹ። ኤግዚፍቱል ሌላ ነገር ካልተነገረው በቀር የካሜራውን ሰዓት የሚተረጉመው ኮምፒውተሩ በተስተካከለበት የሰዓት ክልል ነው። ኮምፒውተርዎ በአዲስ አበባ ሰዓት ላይ ከሆነ፣ ካሜራው 9፡40 ብሎ የመዘገበውን «ከጠዋቱ 9፡40 በፈረንጅ» ብሎ ይረዳና ወደ 06፡40 ዩቲሲ ይለውጠዋል። ያ በእኛ ከጠዋቱ 3፡40 ነው፤ በዚያ ሰዓት ዳገቱን እየወጡ ነበር፤ ስለዚህ የወንዙ ፎቶ ዳገቱ ላይ ተሰካ። ጠዋት 1፡20 ላይ የተነሣው ደግሞ 22፡20 ዩቲሲ፣ ያውም በዋዜማው ቀን ተደርጎ ይቆጠራል፤ በዚያ ሰዓት ትራክ ስለሌለ ቦታ አያገኝም። ፕሮግራሙ ከትራኩ ጫፍ ከግማሽ ሰዓት በላይ የራቀውን ፎቶ በራሱ ይተወዋል፤ ይህ ልማዱ ባይኖር ኖሮ የጠዋቶቹ ሁሉ መነሻዎ ላይ ተከምረው ያገኟቸው ነበር።

መፍትሔው የካሜራው ሰዓት ከዩቲሲ በሦስት ሰዓት ወደ ኋላ መሆኑን በትእዛዙ ውስጥ መግለጽ ነው። የፎቶዎቹን ሰዓት መለወጥም፣ ትራኩን መለወጥም አያስፈልግም። እንዲህ ሲደረግ 9፡40 ወደ 12፡40 ዩቲሲ ይለወጣል፤ ወንዙም ቦታውን ያገኛል።

አንድ ማረጋገጫ ልጨምር። የሰዓት ክልላችን የተመሠረተበት መስመር 45 ዲግሪ ምሥራቅ ሲሆን ጅማ ግን 37 ዲግሪ አካባቢ ናት፤ ፀሐይም አንዷን ዲግሪ ለማለፍ አራት ደቂቃ ይፈጅባታል። በዚህና በወሩ የፀሐይ መዘግየት ምክንያት በጥር እናንተ ዘንድ ፀሐይ እኩለ ቀን ላይ የምትደርሰው በ6፡45 ገደማ ነው። ገላጣ ቦታ ላይ ካነሧቸው ፎቶዎች መካከል ጥላው አጥሮ በትክክል ወደ ሰሜን የወደቀበትን ፈልገው ትራኩ የሚሰጠውን ሰዓት ቢያዩ፣ የደቂቃ ባይሆንም የሦስት ሰዓት ስሕተት ወዲያው ይጋለጣል።

ቦዬ ዳር

ከላይ የተሰጠው ማብራሪያ ልክ ነው፤ ነገር ግን ካሜራው መጀመሪያ ሲስተካከል ቀንና ሌሊቱ እንዴት እንደተመረጠ ሳይጣራ «ሦስት ሰዓት ወደ ኋላ» ማለት አያስተማምንም። ብዙዎቻችን ጠዋት 1፡20 ላይ ሰዓት ስናስተካክል ካሜራው «ከእኩለ ቀን በፊት ወይስ በኋላ» ብሎ ይጠይቀናል፤ ለእኛ ጥያቄው ትርጉም ስለማይሰጥ ደስ ያለንን እንነካለን። «በኋላ» የሚለው ከተመረጠ ካሜራው 13፡20 ይዟል፤ ከዩቲሲም በሦስት ሰዓት ወደ ኋላ ሳይሆን በዘጠኝ ሰዓት ወደፊት ይሆናል። ሰሌዳው 12 ሰዓት ብቻ የሚያሳይ ከሆነ ደግሞ ሁለቱን በዓይን መለየት አይቻልም። የሚለያቸው የቀኑ መለወጫ ነው፤ የመጀመሪያው ካሜራ ቀን የሚለውጠው ንጋት 12 ሰዓት ላይ ሲሆን ሁለተኛው ግን ምሽት 12 ሰዓት ላይ ነው። ጠያቂው የገለጹት ሁኔታ ከመጀመሪያው ጋር ይስማማል፤ ሌሎች አንባቢዎች ግን የራሳቸውን ይመርምሩ።

ከዚህ በተረፈ ሁልጊዜ ጉዞ ሲጀመር የጂፒኤሱን የሰዓት ገጽ፣ ሰከንዱ እየታየ፣ በዚያው ካሜራ ፎቶ ማንሣት ይበቃል። ፎቶው ላይ የሚነበበውና ካሜራው በፋይሉ ውስጥ የመዘገበው ሰዓት ሲነጻጸሩ ልዩነቱ እስከ ሰከንዱ ይታወቃል፤ ካሜራው የሰነፈበት ደቂቃ ካለም አብሮ ይታረማል። ፎቶው የሚነሣው ግን መሣሪያው ሳተላይት ከያዘ በኋላ ይሁን፤ ከዚያ በፊት የሚያሳየው የውስጥ ሰዓቱን ነው። ረጅም ጊዜ ጠፍቶ የቆየ መሣሪያ ከሆነም የጂፒኤስን ሰዓት ከዩቲሲ የሚለዩት 18 ሰከንዶች የሚታረሙበት መረጃ በሳተላይቱ መልእክት ውስጥ በየ12 ደቂቃ ተኩሉ አንዴ ብቻ ስለሚመጣ ትንሽ መታገሥ ይሻላል።

ዱካ ጠያቂ (ጅማ)

በሁለታችሁም ምክር መሠረት ስሠራው ፎቶዎቹ በየቦታቸው ገቡ። ሁለት ጥያቄዎች ቀሩኝ። አንደኛ፣ ከአሁን በኋላ ደብተሩንም በፈረንጅ ሰዓት ብንጽፍ ይሻላል ወይ? ሁለተኛ፣ በዚያው ቀን ረዳቴ የያዘው አሮጌ ጂፒኤስ ሰዓቱ ትክክል ሆኖ ቀኑን እ.ኤ.አ. ጁን 9 ቀን 2004 ብሎ መዝግቦታል። ይህስ ከሰዓት ክልል ጋር ይገናኛል?

ጊቤ ማዶ

ሁለተኛው ከሰዓት ክልል ጋር አይገናኝም። የጂፒኤስ ሳተላይቶች ሳምንት የሚቆጥሩት ከ0 እስከ 1023 ብቻ ነው፤ ከዚያ ቁጥሩ እንደገና ከዜሮ ይጀምራል። መጀመሪያ በኦገስት 1999፣ ቀጥሎም በኤፕሪል 2019 እንዲህ ሆኗል፤ ፕሮግራማቸው ያልታደሰ አሮጌ መሣሪያዎች ወደ ቀድሞው ዙር ይመለሳሉ። የእርስዎ ጥር 15 ቀን 2016 ጃንዋሪ 24 ቀን 2024 ነው፤ ከዚያ 1024 ሳምንት ሲቀነስ በትክክል ጁን 9 ቀን 2004 ይመጣል፤ ሁለቱም ረቡዕ ናቸው። በዚያ ፋይል ቅጂ ላይ 7,168 ቀን መደመር ይችላሉ፤ ሰዓቱን ግን ይተዉት።

ቀን በሚለውጡበት ጊዜ በቃል አይቁጠሩ። የ2015 ጳጉሜን ስድስት ቀን ስለነበረ የ2016 ጥምቀት የዋለው እንደወትሮው ጃንዋሪ 19 ሳይሆን ጃንዋሪ 20 ነው፤ እስከ የካቲት 21 ድረስ ሁሉም ቀን በአንድ ተንሸራቷል።

ደብተሩን በተመለከተ በእኔ እምነት በለመዱት ሰዓት ይጻፉ። የማይጠቀሙበትን አቆጣጠር ሜዳ ላይ በልብ እየደመሩ የሚጽፉ ሰዎች አንዳንዴ ይደምራሉ፣ አንዳንዴ ይረሳሉ፤ የተቀላቀለ ደብተር ደግሞ በኋላ በምንም ቀመር አይታረምም። ሁሉም በእኛ ሰዓት ከሆነ ኮምፒውተሩ በአንድ ጊዜ ይለውጠዋል። ግዴታው ጠዋት፣ ቀን፣ ማታ ወይም ሌሊት የሚለው ቃል ከቁጥሩ አጠገብ መኖሩ ነው። ሌሊት የሚሠራ ካለም «ማክሰኞ ለረቡዕ አጥቢያ፣ ሌሊት 8 ሰዓት» ብሎ ይጻፍ፤ ይህ በፋይሉ ውስጥ ማክሰኞ 23፡00፣ በጂፒኤሱ ሰሌዳ ግን ረቡዕ 2፡00 ሆኖ ይገኛል። ፋይሉ ቀን የሚለውጠው በእኛ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ነው።

ቦዬ ዳር

በደብተሩ ጉዳይ አልስማማም፤ መረጃው ለውጭ ተመራማሪ የሚሰጥ ከሆነ ቢያንስ አንድ ተጨማሪ ዓምድ ለ24 ሰዓቱ አቆጣጠር ቢኖር ይሻላል፤ እሱም ጂፒኤሱን አይቶ የሚገለበጥ እንጂ የሚሰላ አይሁን።

ስለ አሮጌው መሣሪያ ደግሞ አንድ ነገር ልብ ይበሉ። ከነዚያ ዓይነቶች ብዙዎቹ ትራኩን በውስጣቸው «አስቀምጥ» ሲባሉ ነጥቦቹን ይቀንሳሉ፣ ሰዓቱንም ሙሉ በሙሉ ያወጡታል። ሰዓቱ ያለው በመቀዳት ላይ ባለው መዝገብ ብቻ ስለሆነ፣ ረዳትዎ ከማስቀመጡና መዝገቡን ከማጽዳቱ በፊት በቀጥታ ወደ ኮምፒውተር ያውርደው።