ጥቆማ፦ ለሶኒ ኤ6400 ሲግማ 18-50 ወይስ ታምሮን 17-70?

የጠባሴው፦ ሰላም ለሁላችሁ። ደብረ ብርሃንና ዙሪያዋ ሠርግና ክርስትና የማነሳበት ኤ6400 ካሜራ አለኝ። አብሮት የመጣውን ባለ 16-50 ሚሊ ሜትር ሌንስ መተካት ፈልጌ ነው። ሲግማ 18-50 ኤፍ 2.8 ይሻላል ወይስ ታምሮን 17-70 ኤፍ 2.8? የሥራው ግማሽ ቪዲዮ ነው። ለጥር መድረስ አለበት።

አንኮበሬ፦ ለቪዲዮ ከሆነ ታምሮን። ኤ6400 ቦዲው ውስጥ ማረጋጊያ የለውም፣ ሲግማውም የለውም፣ ታምሮኑ ግን አለው። በእጅ ይዘህ ሙሽሮቹን ስትከተል ልዩነቱ ወዲያው ይታይሃል። ሌንሱ ላይ ማብሪያ ማጥፊያ ስለሌለ ትራይፖድ ላይ ስታወጣው ከካሜራው ሜኑ ማጥፋት እንዳትረሳ። ክብደቱንም አስብበት፤ ታምሮኑ 525 ግራም፣ ሲግማው 290 ነው። ጊምባል (ካሜራውን ሚዛን ጠብቆ የሚይዝ መያዣ) ካለህ ሲግማው ይቀልሃል።

ሮቢት ቆላ፦ ማረጋጊያ የእጅን መንቀጥቀጥ እንጂ የሰውን እንቅስቃሴ አያቆምም። እስክስታ ላይ የሻተሩን ፍጥነት ቢያንስ 1/250 ሰከንድ ካላደረስከው ትከሻው ደብዝዞ ይወጣል። በዚህ በኩል ሁለቱም ኤፍ 2.8 ስለሆኑ፣ ማለትም እስከዚያው ድረስ ተከፍተው ብርሃን ስለሚያስገቡ፣ እኩል ናቸው። እኔ የማየው ሌላ ነገር ነው። ጥምቀት ላይ ጠበል ሲረጭ ታምሮኑ ሙሉ አካሉ እርጥበት እንዲከላከል ተደርጎ ተሠርቷል፤ ሲግማው ከካሜራው ጋር የሚገናኝበት ቦታ ላይ ብቻ ነው ጎማ ያለው። ደግሞ ከሕዝቡ ኋላ ቆመህ የካህናቱን ፊት ስትፈልግ 70 እና 50 በጣም ይለያያሉ። ቀለበት ለማንሳት ግን ሲግማው ይበልጣል፤ በሰፊው ጫፍ እስከ 12 ሳንቲ ሜትር ይጠጋል፣ ታምሮኑ 19 ላይ ይቆማል።

ብርዱ፦ ሁለቱንም ተውና ታምሮን 28-75 ሁለተኛውን ስሪት ግዛ። ነገ ፉል ፍሬም (ትልቅ ሴንሰር ያለው ካሜራ) ስትይዝ ያገለግልሃል።

አንኮበሬ፦ ወንድሜ፣ የኤ6400 ሴንሰር አነስ ስለሚል 28ቱ ፉል ፍሬም ላይ እንዳለ 42 ነው አጥብቦ የሚያሳየው። ጠባብ ሳሎን ውስጥ ጀርባው ግድግዳ ነክቶም ሚዜዎቹ አይገቡለትም። የጠየቀው ለዘንድሮ ጥር ነው።

የመንዝ ልጅ፦ የፈለግከውን ግዛ፣ ያገለገለ ግን እንዳትነካ። አዲስ አበባ ካለ አንድ ሱቅ የገዛሁት ዙም ግራ ጎኑ ሁልጊዜ ድብዝዝ ነው። የቤተ ዘመድ ፎቶ ላይ በግራ የቆሙት እናቶች ፊታቸው አይለይም። ሱቁ «ችግሩ የካሜራህ ነው» ብሎ አልመልስም አለኝ።

ከጫጫ፦ እኛ ፒያሳ የምናውቀው ልጅ ጋ እንዲህ ያለ ነገር የለም። ከሱ ውጭ አትግዙ።

የመንዝ ልጅ፦ ሱቁ እሱ ቢሆንስ?

ከጫጫ፦ በፍጹም! ልጁን እናውቀዋለን። አያያዝህን እይ።

የመንዝ ልጅ፦ አዎ፣ ግራ ጎኑን ብቻ መርጬ ነው የጣልኩት።

ባለ ስቱዲዮው፦ ኧረ ተዉ። ሱቁ ማንም ይሁን፣ ብር ሳትቆጥሩ ፈትሹ። ሌንሱን 2.8 ላይ አድርጉ፤ ጋዜጣ ግድግዳ ላይ ለጥፉና ካሜራውን ትይዩ አቁማችሁ፣ የ2 ሰከንድ ታይመር ሞልታችሁ አንሱ። በሰፊው ጫፍ፣ መሐል ላይና በረጅሙ ጫፍ ድገሙት። ከዚያ አራቱን ማዕዘን አጉልታችሁ አስተያዩ። አራቱም እኩል ትንሽ ቢለሰልሱ ደህና ነው፤ አንድ ጎን ብቻ ከደበዘዘ ውስጥ ያለ መስታወት ከቦታው ተዛብቷል ማለት ነው፣ ብዙውን ጊዜም ከመውደቅ የሚመጣ ነው። ሻጩ «አቋቋምህ ነው» ካለ ካሜራውን እዚያው ገልብጣችሁ አንሱ፤ ድብዝዙ በጋዜጣው ላይ ጎን ከቀየረ ጥፋቱ የሌንሱ ነው፣ እዚያው ከቀረ የአቋቋም ነው። ቀጥሎ ሌንሱን ከካሜራው ነቅላችሁ የስልክ ባትሪ ከኋላው አብርታችሁ በፊት በኩል እዩ። እንደ ሸረሪት ድር የተዘረጋ ነገር ካለ ሻጋታ ነው፣ ተዉት። ሁለት ሦስት የአቧራ ነጥብ ግን ፎቶ ላይ አይወጣም።

ሮቢት ቆላ፦ ሻጋታው ደግሞ በአያያዝ የሚመጣ ነው። ከደብረ ብርሃን ብርድ ወርዳችሁ ሮቢት ሙቀት ውስጥ ቦርሳውን ወዲያው ከከፈታችሁ ሌንሱ ያልበዋል። ቦርሳው ተዘግቶ ግማሽ ሰዓት ያህል ይቆይ። ማታም የረጠበ ሌንስ ቦርሳ ውስጥ አትዝጉበት፤ ከደረቀ በኋላ ሲሊካ ጄል (እርጥበት የሚመጥ ጠጠር) ካለበት ጥብቅ ዕቃ ውስጥ አስቀምጡት።

ብርዱ፦ ሲሊካው የት ይገኛል?

ባለ ስቱዲዮው፦ አዲስ ጫማና ቦርሳ ውስጥ ከምታገኟቸው ከረጢቶች ጀምሩ።

የጠባሴው፦ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። በእጄ ሌንስ ፊት የሚገጠሙ ባለ 67 ሚሊ ሜትር ፊልተሮች አሉ፣ ለየትኛው ይሆናሉ?

አንኮበሬ፦ ታምሮኑ 67 ስለሆነ ቀጥታ ይገባሉ። ሲግማው 55 ነው፤ ከ55 ወደ 67 የሚያሰፋ ቀለበት ያስፈልግሃል፣ እሱን ከገጠምክ ደግሞ የጸሐይ መከለያው አይገባም።

ከጫጫ፦ ቀለበቱም ልጁ ጋ አለ።