ማንግሮቭ ውስጥ ያለ ጂኦካሽ፦ መቼ ልግባ?

ጥያቄ፦ ካሹ (ሰው ደብቆት በጂፒኤስ የሚፈለገው ዕቃ) የባሕር ሙላትና ጉድለት ባለበት ማንግሮቭ (ባሕር ዳር ጭቃ ላይ የሚበቅል ደን) መሃል ነው። ቅጠሉ ስር ጂፒኤሱ ይዋዥቃል። መቼ ልግባ፣ የትስ ልፈልግ?

መልስ 1፦ ውሃው ጨርሶ ከመጉደሉ 2 ሰዓት ያህል ቀድመህ ግባ፤ መመለስ ሲጀምር ውጣ። በቀን ሁለቴ በሚሞላ ባሕር የመጀመሪያው ሰዓት ያዘናጋል፤ በ3ኛውና በ4ኛው ሰዓት ግን የሙላቱ ግማሽ ይመጣል።

መልስ 2፦ 10 ሜትር ሲቀርህ ጂፒኤሱን እርሳው። ግንዱ ላይ ጭቃና ዛጎል የተለጠፈበትን መስመር እይ፤ ውሃው እስከዚያ ይደርሳል። ዕቃው ብዙውን ጊዜ ከዚያ በላይ ታስሮ ነው፤ መሬት ላይ ቢተው ይንሳፈፋል።

መልስ 3፦ ከጭቃው የወጡትን ጣት መሳይ ሥሮች አትርገጥ፤ ዛፉ የሚተነፍሰው በነሱ ነው። እግርህ ከተቀረቀረ ሽቅብ አትጎትት፣ ተረከዝህን እያወዛወዝክ አየር አስገባ። ካሹ ውስጥ ባለው መዝገብ ላይ ስምህን ለመጻፍ እርሳስም ያዝ፤ እስክሪብቶ እርጥብ ወረቀት ላይ አይጽፍም።