ስቱዲዮ የጨረሰ አልበም ለመድረክ ሲሰናዳ፦ ትራክ፣ ክራርና የውጭ ጉዞ

የክራር ልጅ (ጠያቂ)

ሰላም ለዚህ ቤት። በራሴ ወጪ የሠራሁት ባለ ዘጠኝ ዘፈን አልበም ሚክሱ ሊያልቅ ነው። ድራሙ ፕሮግራም ነው፤ ቤዝ፣ ኪቦርድና ሳክስ በተለያየ ቀን ገብተዋል፤ ክራሩና ድምፁ የእኔ ነው። አልበሙን ለእንቁጣጣሽ አውጥቼ ከዚያ ቀጥሎ ፍራንክፈርት አንድ፣ ዋሽንግተንና ሲልቨር ስፕሪንግ አካባቢ ሁለት ሾው ለመሥራት ከፕሮሞተሮች ጋር እየተነጋገርኩ ነው። ሙሉ ባንድ ማጓጓዝ አይታሰብም፤ ከእኔ ጋር ቢበዛ አንድ ሰው ነው የሚሄደው።

ከስቱዲዮው ምን ምን ተቀብዬ ልውጣ? የዘፈኖቹ ቅኝት የተለያየ ስለሆነ መድረክ ላይ ክራር እየቃኘሁ ሰው ላስጠብቅ ነው ወይ? ውሉና ቪዛውስ ከየት ይጀመራል? «እንደ ሁኔታው ነው» የሚል መልስ በዝቶብኛል፤ ቁጥርና ቅደም ተከተል ያለው ነገር ብትነግሩኝ።

---

ሚክስ ቤት

እህቴ፣ የመጨረሻውን ክፍያ ከመክፈልሽ በፊት የምትቀበዪውን ነገር በዝርዝር ጽፈሽ ለስቱዲዮው ስጪ። ክፍያው ካለቀ በኋላ «ፋይሉን ፈልጉልኝ» ማለት ልመና ነው። ፕለጊን ይቀየራል፣ ሃርድ ዲስክ ይሞታል፣ አቀናባሪው ሌላ ሥራ ይይዛል።

ለእያንዳንዱ ዘፈን የምትጠይቂው፦ ሙሉው ሚክስ፣ ያለ መሪ ድምፅ ከነኮረሱ፣ ያለ ምንም ድምፅ ባዶው ሙዚቃ፣ ከዚያ ስቴሞቹ፣ ማለትም መሣሪያዎቹ በየቡድናቸው ተለይተው የወጡባቸው ፋይሎች። ስቴሙን በስምንት ወይም በአሥር ቡድን ይክፈሉልሽ፤ ድራም፣ ከበሮና ሌላ ፐርከሽን፣ ቤዝ፣ ኪቦርድ፣ ሳክስ፣ ክራር፣ ኮረስ፣ መሪ ድምፅ። ሁሉም ከዜሮ ሰከንድ ይጀምሩ። ሳክሱ ሁለተኛው ደቂቃ ላይ ብቻ ቢገባም ፋይሉ ከመጀመሪያው ከነዝምታው ይውጣ፤ አለዚያ ሌላ ኮምፒውተር ላይ ስትዘረጊው የት እንደሚገባ በግምት ልትፈልጊ ነው። ዌቭ፣ 24 ቢት፣ 48 ኪሎ ኸርዝ ይሁን። በዚህ ልክ አንድ የአምስት ደቂቃ ስቴሪዮ ስቴም 86 ሜጋ ባይት ገደማ ነው፤ በአሥር ስቴም ዘጠኙ ዘፈን 8 ጊጋ አይሞላም። ሁለት ፍላሽ ላይ አስቀምጪው፣ አንዱ ከሻንጣሽ ተለይቶ ይጓዝ። ከነዚህ ጋር የየዘፈኑን ቢፒኤም (በደቂቃ ስንት ምት እንደሆነ) እና ኪይ (በየትኛው ድምፅ ላይ እንደቆመ) የያዘ አንድ ገጽ ወረቀት።

ማስተር የሆነውን፣ የመጨረሻው ማስተካከያ ያለፈበትን ፋይል፣ ለመድረክ ትራክ (ከኋላሽ ለሚከፈተው የተቀዳ ሙዚቃ) አታድርጊው። ማስተሩ ለጆሮ ማዳመጫና ለስትሪሚንግ የተጨመቀ ነው፤ በክለብ ስፒከር ላይ ከቀጥታ ድምፅሽ ጋር ሲደረብ ድምፅሽ ከኋላው ይቀራል፣ የድምፅ ባለሙያው ደግሞ ቤዙን ብቻ ልቀንስ ቢል አይችልም። ማስተር ያልተደረጉት ስቴሞች ግን ከዘፈን ዘፈን መጠናቸው ስለሚለያይ አንዱን ዘፈን መለኪያ አድርገሽ ሌሎቹን ወደሱ አስጠጊ።

ለማጫወቻ አራት መውጫ ያለው የድምፅ ካርድ ይበቃል። 1 እና 2 ለትራኩ፣ 3 ለክሊክ (ምቱን ለሚቆጥርልሽ ድምፅ)። ክሊኩ ወደ ጆሮሽ ብቻ ነው የሚሄደው። ላፕቶፑ ኤርፕሌን ሞድ ላይ ይሁን፣ ስክሪኑ አይጥፋ፣ ቻርጀሩ ይሰካ። ቻርጀሩ ሲሰካ ስፒከሩ እምም ካለ ዲአይ ቦክስ (መሣሪያን ከድምፅ ሚክሰሩ ጋር የሚያገናኘው ሳጥን) ላይ ያለውን የግራውንድ ማብሪያ መቀየር አብዛኛውን ጊዜ ያስተካክለዋል። መጠባበቂያ ስልክሽ ላይ በግራ ትራክ፣ በቀኝ ክሊክ ሆኖ የተዘጋጀ ፋይል ያዢ። ሞኖ ይሆናል፤ ላፕቶፑ እምቢ ባለ ሌሊት ግን ሞኖ ነው ብሎ የሚያማ የለም።

---

ባለ ስድስት ክር

የቅኝቱን ጥያቄ እኔ ልመልስ። መልሱ ያለው ዘፈኖቹን በምትደረድሪበት ላይ ነው። ክሩ በየክራሩ የሚቀመጥበት ስለሚለያይ በድምፁ ስም ነው የምጠራው፦

ትዝታ ሜጀር ዶ ሬ ሚ ሶል ላ ነው። ወደ ትዝታ ማይነር ለመሄድ የሚነኩት ሁለት ክሮች ናቸው፤ ሚ በግማሽ ይወርዳል፣ ላም በግማሽ ይወርዳል። ከትዝታ ማይነር ወደ አምባሰል እንደገና ሁለት ነው፤ ሬ በግማሽ ይወርዳል፣ ሚ ፍላት ሙሉ ድምፅ ወጥቶ ፋ ይሆናል። ከአምባሰል ወደ አንቺሆዬም ሁለት፤ ሶል በግማሽ ይወርዳል፣ ላ ፍላት በግማሽ ይወጣል። በዚህ መስመር ከሄድሽ በአንድ ጊዜ ከሁለት ክር በላይ አትነኪም። ባቲ ግን ከዚህ ሰልፍ ውጪ ነው፦ ከትዝታ ሜጀር ወደ ባቲ ሜጀር ሦስት ክር ይነካል፣ ሁለቱ ሙሉ ድምፅ ይወጣሉ። ሙሉ ድምፅ የወጣ የናይለን ክር ደግሞ ወዲያው አይረጋም፣ በዘፈኑ አጋማሽ ላይ ይወርዳል። ስለዚህ የባቲ ዘፈኖችሽን በአንድ ላይ ሰብስቢና ከእረፍት በኋላ የመጀመሪያ አድርጊያቸው፤ ክሩ በእረፍቱ ይረጋል። ስድስተኛው ክር የሥሩ (የመነሻው ድምፅ) እጥፍ ከሆነ አይነካም።

ሥሩንም አንድ አድርጊው። አንዱ ዘፈን በዶ፣ ሌላው በሬ፣ ሦስተኛው በሲ ፍላት ከተቀረጸ ክራሩ በሙሉ ነው የሚቃኘው። ስቴሞቹን በግማሽ ወይም በአንድ ድምፅ ማንቀሳቀስ ለቤዝና ለኪቦርድ ብዙም አያበላሽም፤ ሳክሱና ኮረሱ ላይ ግን ይታወቃል። ሚክሱ ስላላለቀ ኪቦርዱ ሚዲ (ድምፁ ሳይሆን ኖታው የተቀዳበት) ከሆነ አሁኑኑ በሌላ ኪይ አስወጪው። እዚህ ላይ ድምፅሽንም አስቢ፦ ስቱዲዮ ውስጥ ስንኝ በስንኝ ተቀድቶ የተቀጠለ ከፍታ መድረክ ላይ በአንድ ትንፋሽ የሚዘፈን ነው። ዘጠኙንም በሰልፋቸው ያለ ማቋረጥ ዝፈኚያቸው፤ ሰባተኛው ላይ የሚሰነጠቀው ኖታ የትኛው ዘፈን መውረድ እንዳለበት ይነግርሻል።

ቆዳ ያለው ክራር ከሆነ በእርጥበት ቆዳው ይላላል፣ ክሩ የሚያርፍበት ብርኩማ ዝቅ ይላል፣ ቅኝቱ ይወርዳል። የመድረክ መብራት ሲያገኘው ደግሞ ይወጠርና ቅኝቱ ይወጣል። ትራክሽ በ440 ኸርዝ መቃኛ ላይ ቆሞ የማይንቀሳቀስ ስለሆነ ተከታይዋ አንቺ ነሽ። ክራሩ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት መድረኩ ላይ መብራቱ በርቶ ይቀመጥ፣ ከዚያ ነው የሚቃኘው። ክራሩ ላይ የሚቆነጠጥና ንዝረቱን የሚያነብ መቃኛ ተጠቀሚ፤ በማይክ የሚሰማው አይነት በጫጫታ ውስጥ ዋጋ የለውም። አዲስ ክር ሾው ቀን አይታሰርም፣ ቢያንስ አራት አምስት ቀን ይቅደም።

ፒክአፑ (የክራሩን ድምፅ ወደ ገመዱ የሚያስገባው) ፒየዞ የሚባለው ንዝረት የሚይዝ ዓይነት ከሆነ ተራ ዲአይ ውስጥ ሲገባ ቀጭን ጣሳ ጣሳ የሚል ድምፅ ይሰጣል፤ መግቢያው 1 ሜጋ ኦም ወይም ከዚያ በላይ የሆነ አክቲቭ ዲአይ የራስሽ ይኑርሽ። ከ80 ወይም ከ100 ኸርዝ በታች ያለውን ቁረጪ። ሞኒተሩ መጮህ ሲጀምር ክራሩን ከሞኒተር መቀነስ እንጂ ድምፅሽን መጨመር አይደለም መፍትሔው።

---

የክራር ልጅ (ጠያቂ)

እግዜር ይስጥልኝ። አንድ ልጨምር፦ ሁለቱ ዘፈኖች መግቢያቸው ያለ ምት ነው፣ ስሜቴን ተከትዬ ነው የምሄደው። ሦስቱ ደግሞ ቺክቺካ ናቸው፣ ክሊኩ ላይ እጠፋለሁ።

---

ሚክስ ቤት

ያለ ምት ያለውን መግቢያ ከትራኩ ቁረጪው። ክራርና ድምፅ ብቻሽን ጀምሪ፣ ስትጨርሺ በእግር ፔዳል ትራኩን አስነሺ፤ ከሁለት ምት ቆጠራ በኋላ ድራሙ ይገባል። ፓድ ወይም ስትሪንግ ከሥር እንዲኖር ከፈለግሽ አንዱን የተዘረጋ ድምፅ ለብቻው ፋይል አድርጊው፣ ፔዳሉ ሲረገጥ ይጠፋል።

ቺክቺካው 6/8 ነው። ብዙ ሰው ፕሮግራሙ በራሱ የሚሰጠውን ክሊክ፣ በአንድ ባር (በአንድ የምት ዙር) ስድስት ምት፣ ይተዋል፤ በፈጣን ዘፈን ያ ጆሮ ላይ ዝናብ ነው። በባር ሁለት ምት ብቻ አድርጊው፣ የመጀመሪያው ጎላ ያለ ይሁን። አሁንም ከጠፋሽ የክሊኩን ድምፅ በከበሮ ድምፅ ተኪው።

---

ከበሮ ይበቃል

ከላይ ባለው ሁሉ አልስማማም ማለቴ አይደለም፣ ግን ለሦስት ሾው ይህን ሁሉ ትራክ ለምን? የምትወስጂው አንድ ሰው ቤዝ የሚጫወት ይሁን፤ ከበሮ የሚመታ ሰው ዋሽንግተን አካባቢ አይጠፋም፣ ፍራንክፈርትም በፕሮሞተሩ በኩል ይገኛል። ክራር፣ ቤዝ፣ ከበሮ፣ አለቀ። ተመልካቹ «አንድ ጊዜ ድገሚው» ሲል ትራክ አይደግምም። እስክስታው ሲደምቅ ዘፈኑን ሦስት ደቂቃ ማስረዘም ካልቻልሽ ለሐበሻ ክለብ አልተዘጋጀሽም። ትራኩን ሳክስ ላለባቸው ሁለት ሦስት ዘፈኖች ብቻ ያዢው፤ እነሱንም ማብቂያው ላይ ስምንት ባር እየዞረ እንዲቆይ አድርገሽ አዘጋጂ።

ለተጫዋቾቹ የምትልኪው የየዘፈኑን ባዶ ሙዚቃ፣ ኪይ፣ ቅኝትና የባር ቆጠራ ነው፤ ከሦስት ሳምንት በፊት ይድረሳቸው። የልምምድ ክፍያውን ከሾው ክፍያው ለይተሽ ተነጋገሪ። የኋላ ጭቅጭቅ መነሻው አብዛኛውን ጊዜ ይኸው ነው። ከበሮውን እዚያው ተዋሺ፤ ትልቅ ነው፣ ጥሬ ቆዳ ስላለውም ጉምሩክ ላይ ጥያቄ ያስነሳል።

---

ጉዞ አስተባባሪ

ወደ ወረቀቱ። መጀመሪያ ቀኑ፦ ከእንቁጣጣሽ በኋላ ያለሽ ጊዜ እስከ ኅዳር 14 ነው፣ ኅዳር 15 ጾመ ነቢያት ይገባል። በሁዳዴ ያህል ባይሆንም ቤት መሙላት ይከብዳል። ፕሮሞተሩ ከዚያ በኋላ ያለ ቀን ከሰጠሽ የቲኬት ድርሻ ሳይሆን አስቀድሞ የተወሰነ ክፍያ ጠይቂ።

አሜሪካ ለመዝፈን የጎብኚ ቪዛ አያገለግልም። ባህላዊ ሥራ ለሚያቀርቡ ተስማሚው ፒ-3 ነው፤ ማመልከቻውን፣ አይ-129 የሚባለውን ቅጽ፣ የሚያስገባው እዚያ ያለው ፕሮሞተር ወይም ወኪል እንጂ አንቺ አይደለሽም። እስከ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ ማስገባት ይቻላል። ከሙያ ማኅበር የሚጻፍ የአስተያየት ደብዳቤ፣ ውሉ፣ የሾው ቀኖችና ቦታዎች፣ ሥራሽ ባህላዊ መሆኑን የሚያሳዩ ጽሑፎችና ቃለ መጠይቆች ከነትርጉማቸው ያስፈልጋሉ። ተጨማሪ ከፍሎ በ15 የሥራ ቀን መልስ ማግኘት ይቻላል፤ ይህ ግን የማመልከቻው ብቻ ነው፣ የኤምባሲው ቀጠሮ ለብቻው ወረፋ አለው። ለመስከረም ሾው በመጋቢት ወረቀቱን ያልጀመረ ፕሮሞተር በነሐሴ «ቪዛ ዘግይቶ ነው» ብሎ የሚደውል ነው። አብሮሽ የሚሄደው ሰውም በሰነዱ ላይ በሥራ ድርሻው ይጻፍ።

ለጀርመን የሸንገን ማመልከቻ ከጉዞው ከስድስት ወር በፊት ጀምሮ፣ ቢዘገይ 15 ቀን ሲቀረው ነው የሚገባው። የጉዞው ምክንያት የመድረክ ሥራ መሆኑ በግልጽ ይጻፍ።

ግብሩን አስቀድመሽ አስይ። አሜሪካ ለውጭ ዜጋ አርቲስት ከሚከፈለው ላይ 30 በመቶ ይቆረጣል፣ ያውም ወጪ ሳይቀነስ ከጠቅላላው። በትርፉ ልክ እንዲሆን ከግብር መሥሪያ ቤቱ ጋር ስምምነት መጠየቅ ይቻላል፤ ቅጹ 13930 ነው፣ ከመጀመሪያው ሾው ቢያንስ 45 ቀን በፊት መግባት አለበት። ጀርመን 15 በመቶና በዚያ ላይ የሚታከል ተጨማሪ፣ ሲደመር 15.825 በመቶ ነው፤ ለአንድ ዝግጅት የሚከፈለው ከ250 ዩሮ ካልበለጠ አይቆረጥም። ውሉ ላይ ያለው ቁጥር ከግብር በፊት ይሁን በኋላ በአንድ መስመር ካልተጻፈ 2,000 ዶላር የተባለው 1,400 ሆኖ እጅሽ ይገባል።

ውሉ ላይ፦ ቀብድ 50 በመቶ የአውሮፕላን ቲኬት ከመቆረጡ በፊት፣ ቀሪው መድረክ ከመውጣትሽ በፊት። የአውሮፕላን፣ የማደሪያና ቦታው ላይ የሚቀርበው የድምፅ መሣሪያ ዝርዝር በአባሪ ይያያዝ፣ «ሙሉ ሳውንድ አለ» የሚለውን ቃል አትቀበዪ። ሾው ቢሰረዝ ቀብዱ የማን ነው? ቪዲዮ የሚቀርጽ ማነው፣ ዩቲዩብ ላይስ የሚጭነው? እነዚህ ሳይጻፉ ያልወጣ ዘፈንሽ በሰው ቻናል ቀድሞ ይወጣል።

ከቦሌ ስትወጪ ላፕቶፑን፣ ካርዱንና ማይኩን ከነሴሪያል ቁጥራቸው ጉምሩክ ላይ አስመዝግቢ፤ ስትመለሺ አዲስ ዕቃ ነው እንዳይባል። ፓወር ባንክ በእጅ ሻንጣ ብቻ ነው፤ 20,000 ሚሊ አምፕር ሰዓት የሚለው 74 ዋት ሰዓት ስለሆነ ከ100 በታች ነው፣ ያልፋል። ክራሩ ጠንካራ ሳጥን ውስጥ ይግባ፤ ክሩን አላሊው እንጂ ፈጽመሽ አትፍቺው፣ ብርኩማውን የያዘው ውጥረቱ ነውና።

---

ሚክስ ቤት

ኤሌክትሪኩን ረሳነው። አሜሪካ 120 ቮልት ነው። አዳፕተሩ ላይ «100–240» የሚል ከተጻፈ ሶኬት መቀየሪያ ብቻ ይበቃል፤ 220 ብቻ የሚል ፔዳል ወይም ዲአይ ቤት ይቅር። ገመድ አልባ ማይክ ከአዲስ አበባ አትውሰጂ፦ ከ617 እስከ 652 እና ከ663 እስከ 698 ሜጋ ኸርዝ ያለው አሜሪካ ውስጥ ከሐምሌ 2020 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለማይክ የተከለከለ ነው፣ እዚህ የሚሸጠው ደግሞ በዚሁ ውስጥ ሊሆን ይችላል። ባለ ገመድ ማይክ ያዢ።

---

ከበሮ ይበቃል

የግጥም፣ የዜማና የቅንብር ባለቤቶችን ፊርማስ ይዘሻል? በአዋጅ 410/1996 የግጥሙና የዜማው መብት የደራሲዎቹ ነው፤ ከእያንዳንዳቸው ጋር በጽሑፍ፣ መድረክ፣ ኦንላይንና ቪዲዮ ተለይቶ ይፈረም። አቀናባሪው ከኢንተርኔት የወሰደው ሉፕ (እየተደጋገመ የሚዞር አጭር ቅጂ) ካለም የትኛው ዘፈን ላይ እንደሆነ ይንገርሽ። ያንን ዘፈን ዩቲዩብ ኮንቴንት አይዲ (ዘፈንሽ ያለበትን የሰው ቪዲዮ ፈልጎ በስምሽ የሚይዘው ሥርዓት) ላይ ካስገባሽው ሉፑን የተጠቀመ ሌላ ሰው ሁሉ ተቃውሞ ያቀርብብሻል፤ እሱን ብቻ ከኮንቴንት አይዲ ውጪ አድርገሽ ልቀቂው። ስፖቲፋይ ኤዲተሮች እንዲያዩት ከፈለግሽ ደግሞ ከመውጫው ቀን ቢያንስ 7 ቀን በፊት ማቅረብ አለብሽ፤ አከፋፋዩ ፋይሉን እስኪያደርስ ጊዜ ስለሚወስድ ነሐሴ መጀመሪያ ላይ ጫኚው።

---

የክራር ልጅ (ጠያቂ)

የሁለቱ ዘፈኖች ዜማ ፊርማ ይቀረኛል፣ ነገ እጀምራለሁ። ትራክ ለሳክሱ ሦስት ዘፈኖች ብቻ፣ ለቀሪው ቤዝና ከበሮ። የባቲዎቹን ከእረፍት በኋላ አድርጌ ሰልፉን ሠርቼ እዚሁ እለጥፈዋለሁ፤ ባለ ስድስት ክር ብታይልኝ።

---

ባለ ስድስት ክር

ለጥፊው። ከየዘፈኑ ጎን ሥሩንና ቢፒኤሙን ጻፊ፤ ሁለት ተመሳሳይ ፍጥነት ያላቸው ቺክቺካዎች ተከታትለው እንዳይመጡ አያለሁ።